አንድ ተኩል ዓይን ያለው ገራፊ

ልጄ አደጋ ላይ መሆኑን ያወቅሁት በእልልታ ነው።

የሰኔ ማርያም ዕለት ነበር። ልጄና መምህሩ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በጋውን ሙሉ የደከሙበት ሥዕል መጋረጃው የሚገለጥበት ቀን። ዝናቡ ከጉና ተራራ በኩል ሲወርድ አድሮ ነጠላችን ሁሉ ርሷል። በሴቶች በር በኩል ተጠጋግተን ቆመናል። ቄሱ መጋረጃውን ሲስቡት ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ቀጥሎ አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትስቅ ሰማሁ። በሥዕሉ ላይ ለጌታችን ከሚያለቅሱት ሴቶች አንዷ ነጠላዋን ባንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ ጣል አድርጋለች፤ ልክ እንደ አንዲት ጎረቤታችን።

«አንቺን ነው የሣለሽ!»

«ኧረ በስመ አብ በይ! የት አይቶኝ?»

«ጆሮሽን አላውቀውም እንዴ? አንቺው ነሽ!»

ሹክሹክታው በሴቱ መካከል ዞረ። ያ የማን ከዘራ ነው፣ ይሄ የማን ራሰ በራ ነው፣ ያችስ እንስራዋን እንደዚያ አዘንብላ የምታዝለው ማን ናት። ሰው ራሱን በቅዱሳን መካከል ቆሞ ሲያገኘው እንዴት ደስ እንደሚለው ያን ቀን አየሁ። እኔም የምሆነው ጠፋኝ። የልጄ ሥራ ነው፤ በሆዴ ተሸክሜ ያመጣሁት ልጅ።

ያን ጊዜ ከጎኔ የቆሙት አሮጊት እልልታቸውን አቀለጡት።

«የኔ ልጅ ነው! ይሄ የልጄ ክንድ ነው! ጅራፉን አያችሁት? እንዲህ የሚያጮህ ከኔ ልጅ በቀር ማን አለ!»

የኒህ ሴት ዓይን ደክሟል። ፊት አይለዩም፤ የሚለዩት የሰውን አቋምና እንቅስቃሴ ብቻ ነው። እኔ ግን ወዳመለከቱበት አየሁ። ጌታችን ከምሰሶ ጋር ታስሮ ይገረፋል። ጅራፉን ያነሳው ገራፊ ቀኝ ትከሻው ከፍ ብሏል፣ ወገቡ ታጥፏል፣ ግራ ተረከዙ ከመሬት ተነስቷል፣ አገጩ ወደፊት ቀድሟል። በርግጥም የእርሳቸው ልጅ ነው። በጎኑ ተሥሏል፤ ባንድ ዓይን።

የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቃል። ጻድቅ የሚሣለው ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ነው። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ገራፊ ግን በጎን ይሣላሉ፤ ባንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከግድግዳው ላይ ክፉና ደጉን የሚለየው በዚህ ነው። የአሮጊቷ ልጅ ድሮ ጎረቤታችን ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ሰው ነው። ጣሊያን ደብረ ታቦር ገብቶ ከመሸገ ወዲህ የባንዳ አለቃ ሆኗል። ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ይከተሉታል፤ ምሽጉን ያለ ከልካይ ይገባል ይወጣል። እርሱ ስሙን የጠራው ሰው ወደ ቤቱ መመለሱ አይታወቅም።

ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። አሮጊቷ ብቻ እልል ይላሉ።

ኋላ እጄን ጨበጥ አደረጉና «ማነው የሣለው? ያንቺ ልጅ ነው አሉኝ» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ በይው። የልጄን ክንድ ቤተ ክርስቲያን አስገባልኝ።»

«እሺ እመቴ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ልጄ መሣል የጀመረው በኔ ጎታ ላይ ነው። ጎታውን አዲስ ለስኜ፣ ገና ሳይደርቅ ወደ ወንዝ ወርጄ ስመለስ፣ በከሰል በሬ ተሥሎበት አገኘሁ። ልቆጣ አፌን ስከፍት አንዲት ጎረቤቴ ወንፊት ልትዋስ ገባች። «ምነው በሬሽን እቤት አሰርሽው?» አለችኝ። የበሬያችን ቀኝ ቀንድ ወደ ታች የዞረ ነበርና ልጁ ቀንዱን ሳያስቀር ሥሎታል። ሳቄ ቁጣዬን ቀደመው። ያ በሬ ሞቶም ጎታው ላይ ቆይቷል፤ ጎታውን ደግሜ ስለስን እርሱን እየዞርኩ ነበር የምለስነው።

አባቱ ሲሞት ከአንድ ሠዓሊ መሪጌታ ዘንድ አስገባሁት። የኔታ እንላቸዋለን። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ቁጣቸው ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። አፍንጫ እንዲህ፣ ቅንድብ እንዲህ፣ የልብስ እጥፋት እንዲህ እያሉ አስተማሩት። ልጄ እጁ ቀና ነውና ቶሎ ያዘው። ያን ሰሞን የሚሥላቸውን ቅዱሳን እያየሁ «የኔታ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ» ብላቸው «በሰማይ ወንድማማች አይደሉም ወይ? ምን አጠፋን!» አሉኝ።

ልጄ ግን አልረካም። ይሄን የማውቀው ከገበያ ነው። ነጭ ሽንኩርት ይዤ ደብረ ታቦር ገበያ ስወጣ ይከተለኛል። እኔ እሸጣለሁ፤ እርሱ ሰው ያያል። አያይ መሰላችሁ! እህል የሚሰፍር ሰው አንገቱን እንዴት እንደሚያጎነብስ፣ ሸክም ያወረደች ሴት ወገቧን በየትኛው እጇ እንደምትይዝ ቆሞ ያያል። አንድ ቀን አንዲት ቅቤ ሻጭ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀረ።

«ምነው ልጅሽ እንዲህ የሚያፈጥብኝ? ሊያገባኝ ነው?» አለችኝ።

«አይ እታለም፣ ሠዓሊ ነው። አንገትሽን ፈልጎት ነው።»

«አንገቴን ብቻ? ሌላው ምን ሆነና!»

ገበያው ሁሉ ሳቀ። ልጄም ፊቱ ቀላ፤ ዓይኑን ግን ከአንገቷ አላነሳም። ያ አንገት ኋላ የሳምራዊቷ ሴት አንገት ሆነ። እንስራዋንም እንደኛ ሴቶች በገመድ፣ ገመዱ ደረቷ ላይ ገባ ብሎ፣ አዝላ ቆመች። የኔታ አይተው «በየትኛው መጽሐፍ ነው ያገኘኸው?» ብለው ተቆጡ። ልጄ «ወንዝ ዳር ነው የኔታ» አላቸው።

እርሳቸውን የረታቸው ግን እግራቸው ነው። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ሲሥል፣ ለጴጥሮስ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ ትንሿ ጣት ጎረቤቷ ላይ የወጣችበት እግር ሰጠው። የኔታ ጎንበስ ብለው አዩ። የራሳቸውን እግር አዩ። እንደገና ግድግዳውን አዩ።

«ጴጥሮስ እኔ ነኝ እንዴ?»

«እግርዎ ብቻ ነው የኔታ።»

«የቀረው አካላቴ አይበቃም ማለትህ ነው?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እንዳሻው ተዉት። ገራፊና ከሐዲ ባንድ ዓይን ይሣል የሚለውን ሥርዓት ብቻ እንዳይነካ አዘዙት። አልነካም። ችግሩ የመጣው እንዲያውም ሥርዓቱን ስለጠበቀ ነው።

የሰኔ ማርያም ዕለት እቤት እንደገባን በሩን ቀርቅሬ «ምን ሆነህ ነው? ሰው ጠፍቶ ነው?» አልኩት።

«ክንዱን ብቻ ነበር የፈለግሁት እማ። ልጅ ሳለሁ ቡሄ ላይ ትከሻሽ ላይ አስቀምጠሽ ያሳየሽኝ ጊዜ፣ እንደዚያ ሰው የሚያጮህ ነበር? ከዚያ ወዲህ ጅራፍ ሲባል የሚታየኝ ያ ክንድ ነው። ክንዱን ስሥል ትከሻው መጣ። ትከሻውን ስሥል አገጩ መጣ። ሳላስበው ሰውየው ሙሉ ሆኖ ቆመ።»

«እንግዲያው ሙሉ ሆኖ ይመጣልሃል!» አልኩ።

እውነቱን ነው፤ እንደዚያ የሚያጮህ አልነበረም። ያኔ ገና ወጣት ገበሬ ነበር። ለቡሄ ከየመንደሩ ሰው የሚሰበሰበው እርሱን ለማየት ነው። ጅራፉን ከራሱ በላይ አዙሮ ሲለቀው ድምፁ ከገደሉ ተመልሶ ይመጣል። እኔን «እታለም» ይለኝ ነበር፤ እኔም «ወንድምዓለም» እለው ነበር። አሁን በቅሎውን ከሩቅ ሳያት ከመንገድ ወርጄ ጥግ እይዛለሁ።

ሳምንት ሳይቆይ መጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከበቅሎው ወረደ፤ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎቹ ከደጅ ቆሙ። ልጄንና የኔታን አስጠራ። እኔ ሳልጠራ ሮጥኩ። ገብቶ ብዙ ጊዜ ቆይቶ ወጣ፤ ልጄን ከፊቱ አቆመው።

«ገበያ ወረድኩ» አለው። «ሰው ሁሉ እጅ ይነሳኛል። እጅ ሲነሳኝ ግን አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ሴቱም ወንዱም! አንዱን ይዤ 'ምን ሆነህ ነው?' ብለው 'ትቢያ ገብቶብኝ ነው ጌታው' አለኝ። በዚህ ዝናብ የምን ትቢያ ነው?»

ከጠመንጃ ያዦቹ አንዱ ወደ መሬት አየ፤ ከንፈሩን ነክሷል።

ልጄ «ክፉ አስቤ አይደለም ጌታው» አለ። «ልጅ ሆኜ ቡሄ ላይ አይቼዎት ነው። እንደዚያ ያለ ክንድ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።»

«ክንዴን ካደነቅህ ለመልአክ አታደርገውም ነበር?»

«መልአክ ጅራፍ አይዝም ጌታው።»

የልጄን ልብስ ከኋላ ሳብ አደረግሁት። ሰውየው ግን ሥዕሉ ወዳለበት በር ዞሮ አየ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እርሱ ድምፁን ሲቀንስ ይበልጥ ያስፈራል።

«እናቴ ባትኖር ዛሬውኑ አስፍቀው ነበር። ጠዋት ጠዋት እየመጣች ክንዴን ትሳለማለች። ስለዚህ ክንዴ እንዳለ ይቆይ። ጅራፉም ይቆይ። ዓይኔን ግን ሁለት አድርገው። እስከ ቡሄ ድረስ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ቡሄ ላይ መጥቼ ባንድ ዓይን ካገኘሁት፣ አንተም ባለ አንድ ዓይን ትሆናለህ። ያኔ እኩል ነን።»

በቅሎው ላይ ወጣ። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን አስረጂው» ብሎኝ ሄደ።

የልጄን ዓይን አየሁ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ትልልቅ ነው። ሠዓሊ ያለ ዓይን ምንድን ነው? አንዱን ቢያወጡበት እንኳ በቀረው ያያል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ነገሩን ለሰማ ሰው ቀላል ይመስላል። አንድ ዓይን ቢጨምርለት ምን አለበት? የኔታ ግን እጃቸውን አርገበገቡ። «ጌታውን የሚገርፍ ሰው በሁለት ዓይን? ጻድቅ ነው ብለን ልናስተምር ነው? እኔ ብፈቅድ ካህናቱ ይፍቁታል!» ከዚህም ሌላ የባሰ አለ። ዱር የገቡት አርበኞች ይሰማሉ። ለባንዳ ዓይን ቀጠለለት ይባላል። ይህን ስም ይዞ ልጄ የት ይኖራል? ቢሥል አንዱ፣ ባይሥል ሌላው።

«ወንድሜ ጣራ ገዳም መነኩሴ ነው» አልኩት። «ዛሬ ተነስ። ጫካው ውስጥ ማን ያገኝሃል?»

«እኔ ብሄድ የኔታን ይይዛቸዋል። አንቺንም።»

«እኔን ምን ያደርገኛል? እኔ ሥዬአለሁ?»

«ስለ አንድ ሥዕል የሚመጣብኝ ሰው በእናቴ አይመጣብኝም?» አለና እንደመሳቅ አለ። ከሰል አንስቶ ተቀመጠ።

እቤት ሆኖ ጭንቅላቱን ብቻ በቁራጭ አቡጀዲ ላይ ሠርቶ ሲያበቃ ግድግዳው ላይ፣ ከአሮጌው ጭንቅላት በላይ፣ በሙጫ ሊለጥፈው አሰበ። መጀመሪያ ሰውየውን በጎኑ እንዳለ ትቶ ሁለተኛውን ዓይን ከመጀመሪያው አጠገብ አደረገለት። አሳየኝ። ፍርሃቴን ይዤ ቁጭ ባልኩበት ሳቄ አመለጠኝ።

«ምንድን ነው ይሄ? ዓሣ ነው?»

ቀዶ ጣለው። ቀጥሎ አካሉን በጎን፣ ፊቱን ፊት ለፊት አደረገው። እርሱንም አየሁት።

«ይሄማ አንገቱን የጠመዘዙት ዶሮ ነው። ሞቷል ሰውየው።»

«እማ፣ ጨካኝ ሆንሽ።»

«ዓይንህን ከሚያወጡብህ እኔ ብጨክንብህ ይሻላል!»

ሌላ ሞከረ፣ ሌላ ቀደደ። በመጨረሻ «ማየት አለብኝ» አለ። «ሰው ጅራፍ ሲያጮህ ጭንቅላቱን ምን እንደሚያደርገው በግምት ነው የምሥለው። ቆሞ የሚያጮህልኝ ሰው ያስፈልገኛል።» ጎረቤት ጠየቀ። አንዱ «ለገራፊ ልቁምልህ? እኔም ባንድ ዓይን ልቅር?» አለው። ሌላው በሩን ከፍቶ ልጄን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ሰው ልጄ ያየውን ሁሉ እንደሚሥል አውቋል፤ ከሰል ይዞ ሲሄድ መንገዱ ባዶ ይሆናል።

ነሐሴ ገባ። ልጆች ጅራፋቸውን ገምደው በየሜዳው ማጮህ ጀመሩ። በየጩኸቱ እደነግጣለሁ። እያንዳንዱ ጩኸት ቡሄ ቀረበ፣ ቡሄ ቀረበ የሚለኝ ይመስለኛል። ምሽጉ ውስጥ ያሉት የጣሊያን ወታደሮችም የመጀመሪያው ቀን ተኩስ መስሏቸው ጠመንጃ አንስተው ወጥተው ነበር አሉ። ከኔ ሌላ የሚደነግጥ በመኖሩ ትንሽ ደስ አለኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ተነሳሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ከጎረቤት ጅራፍ ተዋስኩና ከቤታችን ጀርባ ካለው ሜዳ ሄድኩ።

«ና፣ አውጣ ከሰልህን» አልኩት።

«እማ፣ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ገራፊ ልሆን ነዋ። ለኔ ዓይን ማን ይጨነቃል?»

በሕይወቴ ጅራፍ ይዤ አላውቅም። ከብት እንኳ በአፌ ነው የምነዳው። መጀመሪያ ሳዞረው እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ሁለተኛ ሳዞረው ጭቃው ላይ በቂጤ ተቀመጥኩ። ልጄ በሳቅ ተንከተከተ፤ ሰኔ ማርያም ካለፈ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። ሳቁ ልብ ሰጠኝ። ተነስቼ እግሬን ከፍቼ ቆምኩ፤ ያ ሰው እንዴት እንደሚያደርግ አስታወስኩ፤ ከራሴ በላይ አዙሬ፣ አዙሬ፣ በቀኝ በኩል ወደታች ሳብኩት።

ጮኸ! ራሴው ደነገጥኩ። ጫፉ ተመልሶ መጥቶ ሻሼን ከራሴ ላይ ወሰደው።

«ቁሚ! እንዳለሽ! እንዳትነቃነቂ!» ልጄ ጮኸ።

«ሻሼን ላንሳ እንጂ!»

«ሻሹን ተይው! ፊትሽን እንዳለ ያዢው!»

ያኔ ልብ አልኩ። ክንዴ ወደ ቀኝ ሄዷል፤ ፊቴ ግን ወደ ግራ ዞሯል። ጫፉ ዓይኔን እንዳይመታኝ ሳላውቀው ፊቴን ከጅራፉ አሽሽቻለሁ። ልጄ ከሰሉን አቡጀዲው ላይ እያስጮኸ ያስሮጠዋል።

«ደግመሽ አጩሂው።»

ደገምኩ። ፊቴ ዞረ። ቆርጬ እንዳላዞር ብዬ ሞከርኩ፤ አሁንም ዞረ። ልጄ ወደ መንደሩ ሜዳ ሮጠ፤ ተከትዬው ሄድኩ። የሚያጮሁትን ሁሉ ቆመን አየን። አንዱም ጅራፉን አያይም። ጅራፉ በሚጮህበት ቅጽበት ሁሉም ፊቱን ያሸሻል።

«ያ ሰውም ያሸሽ ነበር» አለ ልጄ ቀስ ብሎ። «ትከሻሽ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ክንዱን ሳይ ፊቱን ሳላየው ቀረሁ። ገራፊ ሁሉ በጎን ነው ተብዬ ስለተማርኩ በጎን አደረግሁት። እርሱ ግን በጎን አልነበረም።»

ጭንቅላቱን ሠራው። ከክንዱ ሸሽቶ ወደ እኛ የዞረ ፊት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልዞረም። ቀኝ ዓይኑ በደንብ ይታያል። ግራው ከአፍንጫው ወዲያ ማዶ ጠበብ ብሎ፣ ጥላ ውስጥ ሆኖ፣ ግማሹ ይታያል። እንዲህ ያለ ፊት በሥዕል አይቼ አላውቅም። በቤት፣ በመንገድ፣ በገበያ ግን ሁልጊዜ የማየው ፊት ነው። ሰው ሲጠሩት ዞር የሚልበት ፊት።

የኔታን እቤታችን ጠርተን አሳየናቸው። ወደ ብርሃን ወሰዱት፤ አራቁት፤ አቀረቡት።

«አንድ ዓይን አይደለም» አሉ።

«አይደለም የኔታ።»

«ሁለትም አይደለም።»

«አይደለም።»

«አንድ ተኩል ነው» አሉ። ጢማቸውን አሻሹ። «አባቶቻችን ለጻድቅ ሁለት፣ ለኃጥእ አንድ ብለው አስተማሩን። ስለ አንድ ተኩል ምንም አላሉም። ያልተባለውን እኔ አልከለክልም። ገና ያልለየለት ሰው ነው ብዬ ለካህናቱ እነግራቸዋለሁ። ጅራፉን ሊጥለውም ይችላል፤ ሊደግመውም ይችላል።» ከዚያም ልጄን ራሱ ላይ ኮርኩመው «ከኔ አልተማርከውም» አሉት። ከምርቃት የሚቆጠር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልጄ የሚሥለው ሁሉ እንደዚያ ነው። የሌላ አጥቢያ ሰዎች ሊያሠሩት ሲመጡ «ያንን አንድ ተኩሉን ሥራልን» ይሉታል። ያን ጊዜ ግን ገና ቡሄ አልደረሰም።

በክረምት ሙጫ አይደርቅም። ልጄ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ሲለጥፈው እኔ በገል ፍም እየያዝኩ እስከ በሩ አቀብላለሁ፤ የኔታ ተቀብለው ጨርቁን ያሞቃሉ። ጠርዙ ተነስቶ ጭንቅላቱ ቢወድቅና ያ ሰው መጥቶ ራሱን ያለ ጭንቅላት ቢያገኘውስ እያልኩ እጨነቃለሁ። ሙጫው ግን ያዘ።

ቡሄ ዕለት ቅጥሩ በሰው ሞላ። ሙልሙሉን የተሸከመው፣ ጅራፉን ትከሻው ላይ የጣለው፣ ሊያይ የመጣው፤ ሊያይ የመጣው ይበልጣል። በቅሎዋ ደረሰች። እናቱ ከኋላ በሰው ተደግፈው ይመጣሉ። ልጄ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ እኔም ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ።

ሰውየው ገባ። ከሥዕሉ ፊት ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደ፤ ወደ ቀኝ ተመለሰ።

«ማንን ነው የሚያየው?»

«ፊቱ የቆመውን ጌታው» አለ ልጄ።

«ፈርቷል እንዴ?»

ልጄ ወደ ጅራፉ አመለከተ። «ጅራፉ እንዳይመለስበት ነው ጌታው። የሚያጮህ ሁሉ ፊቱን ያሸሻል።»

«እኔ አላሸሽም።»

አሮጊቷ ከኋላ «ሁለት ነው ወይ? ዓይኑ ሁለት ሆነ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ሰውየው መልሶ ሥዕሉን አየ። «እንደዚያ ነገር ነው እናቴ» አለ።

አሮጊቷ እልል አሉ። ሰውየው ግን አላበቃም። «አላሸሽም!» እያለ ወደ ደጅ ወጣ። ከወጣቶቹ ከአንዱ ጅራፍ ተቀበለ። ካባውን ለሰዎቹ ሰጠ። ሰው ሁሉ ሸሽቶ ሜዳውን ለቀቀለት። አዞረው፤ እንደ ድሮው። ተረከዙ ተነሳ፣ ትከሻው ከፍ አለ፣ ወገቡ ታጠፈ፤ ጮኸ። ድምፁ ከገደሉ ተመልሶ መጣ።

ፊቱ ወደ እኛ ዞሮ ነበር። አንድ ዓይኑ ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ። እንደዚያው ሆኖ ቀረ፤ ሲያሸሽ ራሱን በራሱ እንደያዘ ሰው። መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ቀጥሎ ቅጥሩ ሁሉ። ልጄን አየሁ፤ አይስቅም፤ ሰውየውን እያየ ነው።

እርሱም ሳቀ። የድሮ ሳቁ ነበር፤ ያ የጎረቤታችን ሳቅ። ጅራፉን ለባለቤቱ መለሰ፤ ወደ ልጄ መጣ።

«አሸሻለሁ ለካ» አለው። «ዓይንህን ጠብቀው። ያስፈልግሃል።»

እኔን ሲያልፈኝ ቆም አለ። «እንኳን አደረሰሽ፣ እታለም» አለኝ።

«አብሮ ያድርሰን» አልኩ። ወንድምዓለም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልወጣም። በቅሎው ላይ ወጥቶ፣ ሰዎቹን አስከትሎ፣ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ። ኮረብታውን እስኪያልፍ ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሳስበው የቆየሁትን ጠየቅሁት።

«ያ ፊት የእርሱ ነው። ዓይኖቹ ግን የማን ናቸው? የማውቃቸው ይመስለኛል።»

«ያንቺ ናቸው።»

«እኔን ገራፊ አደረግኸኝ?»

«እርሱ ሲፈራ አይቼ አላውቅማ! ፍርሃት ብፈልግ ካንቺ ሌላ ከማን ላምጣ?»

በነጠላዬ ጫፍ መታሁት። እርሱም ፊቱን አሸሸ፤ ሁለታችንም አየን፤ መንገዱ ላይ ቆመን ሳቅን።

ቤታችን ደረስን። እርሱን አስቀድሜ አስገባሁት። በጎታው ላይ ያለውን በሬ እያየ ቁጭ ሲል ወደ ብርሃኑ አዞርኩትና ዓይኖቹን አየኋቸው፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሁለቱም አሉ። በሩን አልቀረቀርኩም። ደኅና ነን። ልጄ ተርፏል፣ እኔም ተርፌያለሁ፤ አሁን አልፈራም።